ፋጢማ ለምን ወደ ዱር ሸሸች?

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በካርቱም ሪያድ ሠፈር መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው የጀነሬተር ድምፅ ነበር። የደኅና ኑሮ ሠፈር ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች፣ የውጭ ድርጅት ቢሮዎችና ረጃጅም አጥሮች ተደርድረውበት ነበር። ጀነሬተሩ እምቢ ባለበት ግቢ ግን ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ደጅ ያወጣዋል። አንገረብ የሚሏት የገመድ አልጋ ኒም ዛፍ ሥር ትወጣለች። ሱዳኖች «ሓቦባ» የሚሏት አያት ጋደም ትላለች፤ የልጅ ልጆቿ እግሯ ሥር ይኮለኮላሉ። ኩሽናው በር ላይ ቡና የምትወቅጠው የቤት ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜ የእኛው አገር ልጅ፣ ዘነዘናዋን ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች። ሓቦባ ጉሮሮዋን እየጠረገች ቡና መውቀጥ አይሆንማ።

ሪያድ ለዓለም የተዋወቀው በሌላ ታሪክ ነው። ኦሳማ ቢን ላደን ከ1991 እስከ 1996 (ዓመታቱም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሱዳን ሲኖር ቤቱ እዚሁ ሠፈር ነበር። ጋዜጠኛ ሁሉ የሚጽፈው ያንን ነው። እኔን የሚስበኝ አንገረቧ ላይ የሚወራው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ወሬ መካከል የምትመላለሰው ሴት ከጃቫ ደሴት እስከ ጎጃም የምትታወቅ ሴት ናት።

ተረቶቹን ሱዳኖች «አሓጂ» ይሏቸዋል። ከመካከላቸው አንዷን የማያውቅ ሱዳናዊ ማግኘት ይቸግራል፦ ፋጢማ አስ-ሰምሐ፣ ማለትም ቆንጆዋ ፋጢማ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ታላቅ የዐረብኛ ሊቅ አብደላ አጥ-ጠይብ (1921–2003) የሱዳንን አሓጂ በመጽሐፍ ሰብስበዋል። ሰይድ ሑሬይዝ ደግሞ በ1977 የጀዓሊዪን ሕዝብ ተረቶችን አጥንተው አሳትመዋል። ዩኒቨርሲቲው የፎክሎር ትምህርት ክፍል ያለው የአፍሪካና የእስያ ጥናት ተቋም ነበረው። ተረቱን በሕይወት ያቆዩት ግን ሓቦባዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዷም እንደ ወጧ በራሷ እጅ ታጣፍጠዋለች።

በብዛት ከሚነገሩት መልኮች አንዱ እንዲህ ይላል። የፋጢማ ወንድም ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ይወርዳል። ከውሃው ዳር አንዲት ረጅም የጠጉር ዘለላ ያገኛል። ቢለካት ቢመዝናት አታልቅም። «የዚህች ጠጉር ባለቤት ማንም ትሁን ማን አገባታለሁ!» ብሎ ይምላል። ዘለላዋ በመንደሩ ልጃገረዶች ጠጉር ሁሉ ላይ ትለካለች፤ ለአንዳቸውም ልክ አትሆንም። በመጨረሻ ከገዛ እኅቱ ከፋጢማ ጠጉር ጋር ትገጥማለች። መሐላ መሐላ ነው ተባለ፤ እህሉ ተፈጨ፣ ሠርጉ ተደገሰ። ፋጢማ ጓደኞቿን አስከትላ በሌሊት ወደ ዱር ጠፋች።

ዱሩ ውስጥ አንድ ጃጅቶ ያበቃ ሽማግሌ ታገኛለች። ነገር አዋቂ ናትና ቀረብ ብላ ታጫውተዋለች፦ «አባቴ፣ የሽማግሌን ቆዳ ከነሕይወቱ እንደ ልብስ ምን ያወልቀዋል?» ሽማግሌውም የዋህ ነው፤ «የኪቲር እሾህ አናቱ ላይ ከተሰካ ይወልቃል» ይላታል። ኪቲር በሱዳን በረሃ የሚበቅል፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የታጠፈ የግራር ዘር ነው። ፋጢማ እሾሁን ሰካች፤ ቆዳውን ገፈፈች፤ ለበሰችውም። ከዚያ ወዲያ በሰው ዓይን የተጨማደደ ሽማግሌ ናት። ወድ አን-ኑሜይር የሚባል የአገር ልዑል ዘንድ ደርሳ እረኛ ሆና ተቀጠረች። እንዴት እንደ ታወቀባት ተራኪዎች አይስማሙም። አንዷ «ወንዝ ወርዳ ቆዳውን አውልቃ ስትታጠብ ታየች» ትላለች፤ ሌላዋ «ልዑሉ ጠርጥሮ ገበጣ አጫወታት፤ የተሸነፈ ቆዳውን ይገፈፋል ብለው ተወራረዱ» ትላለች። መጨረሻው ጋብቻ ነው።

ልጆቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ሓቦባ፣ ወንድሟስ?» መልሱ አጭር ነው፦ «ቤቱ ነዋ፣ የት ይሄዳል!»

ይህ መልስ የተረቱ ቁልፍ ይመስለኛል። ሴትና ተፈጥሮ ሲባል የሚቀናን ሥዕል ሌላ ነው፤ ምድር እናት ናት፣ ሴት ልጅ አበባ ናት፣ ሁለቱም ለስላሳና ሰጪ ናቸው። የሓቦባ ተረት በዚህ አይስማማም። ዱሩ እሾህ አለው፣ ጉል የሚሉት ሰው በላ ጭራቅ አለው፣ ጥማት አለው። ቢሆንም ዱሩ ሕግ ያውቃል። ይህን ብታደርግ ይህ ይሆናል ይልሻል፤ ያለውም ይሆናል። ቤቱ ነው ሕጉን በአንድ ወንድ መሐላ የሚለውጠው። ፋጢማ ወደ ዱር የሸሸችው ዱሩ ስላልገደላት እንጂ ስለወደዳት አይደለም።

ይህን ሐሳብ ይዤ ሩቅ አገር ብሄድ ፋጢማን መልሼ አገኛታለሁ። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ጃካ ታሩብ የሚባል ጎረምሳ ሰባት የሰማይ ልጃገረዶች ኩሬ ወርደው ሲታጠቡ ያያል፤ የአንዷን የመብረሪያ ሻሽ ይሰርቃል። ሻሿን ያጣችው ናዋንግ ውላን መብረር ተስኗት ታገባዋለች። ቤቱ ይባረካል፤ ሩዝ በየቀኑ ይበስላል፤ ጎተራው ግን አይጎድልም። አንድ ነገር ብቻ አደራ ትለዋለች፦ የድስቱን ክዳን እንዳትከፍት። እሷ ወንዝ ስትወርድ ይከፍተዋል። ድስቱ ውስጥ ያለው አንዲት ዘለላ ሩዝ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስማቱ ይቀራል፤ እንደ ማንኛዋም ሴት ሩዝ መውቀጥ ትጀምራለች። ጎተራው እየጎደለ እየጎደለ ሲሄድ ከሥሩ የተደበቀውን ሻሿን ታገኘዋለች። ብድግ ብላ ትበራለች። ልጇን ለማጥባት ማታ ማታ ትመጣለች እንጂ ለባሏ አልተመለሰችም።

በሱማትራ ደሴት ስለ ቶባ ሐይቅ የሚነገረውም ከዚሁ አይርቅም። አጥማጅ ያጠመዳት ዓሣ ሴት ሆና ታገባዋለች፤ ውሉ ዓሣነቷን ለማንም እንዳይናገር ነው። አንድ ቀን የአባቱን ምሳ በልቶ በመጣው ልጁ ላይ ይናደድና «አንተ የዓሣ ልጅ!» ይለዋል። ምድሩ ተሰንጥቆ ውሃ ይፈልቃል፤ ሸለቆው ሐይቅ ይሆናል። መካከሉ ላይ ያለችው ደሴት፣ ሳሞሲር፣ ከእነ ስሟ የዚያ ልጅ መታሰቢያ ናት ይባላል። በሁለቱም ተረት ተፈጥሮ ውሏን ጠብቃለች። ውል ያፈረሰው ባል ነው።

ጃቫዎች የሩዝ እመቤት አለቻቸው፤ ዴዊ ስሪ ትባላለች። የእሷ ነገር ከተረት አልፎ እጅ ላይ ደርሷል። ሩዝ የሚያጭዱት ሴቶች አኒ አኒ የምትባል፣ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ቢላ ይይዙ ነበር። ስለቷ በጣቶች መካከል ብቅ ትላለች፤ ዘለላው አንድ በአንድ ይቆረጣል። ምክንያቱን ቢጠየቁ «ስሪ ስለቱን አይታ እንዳትደነግጥ» ይላሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አጫጭርና ምርታማ የሩዝ ዘሮች ሲገቡ ማጭድ ተከትሎ ገባ፤ ነጋዴው ሰብሉን ከነማሳው ገዝቶ የራሱን ወንድ አጫጆች ያመጣ ጀመር። እንደ ልማዱ ከአጨዳው ድርሻቸውን ይወስዱ የነበሩ ብዙ ድሃ ሴቶች ከማሳው ተባረሩ። የስሪ ተረት እህሉን ብቻ ሳይሆን የእነሱንም እንጀራ ይጠብቅ ኖሯል።

ወደ ኩሽናው በር ልመለስ። እንዲህ ያለ ተረት የሰማች የጎጃም ልጅ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ በተሰባበረ ዐረብኛም ቢሆን የራሷን ታመጣለች። ከሁሉ በፊት የምትመጣው የአንበሳዋ ሴት ናት። በውጭ አገር መጻሕፍት ሳይቀር ታዋቂ ከሆኑት የኢትዮጵያ ተረቶች አንዷ ናት፤ ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽብራነር በ1959 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ርእሱን ያገኘው ከእሷ ነው። ሴትየዋ የእንጀራ ልጇ ፍቅር ነሥቷታል፤ በሌላ አነጋገር ደግሞ ባሏ ፊቱን አዙሮባታል። ወደ አዋቂ ትሄዳለች። «ከሕያው አንበሳ ጢም ነጭተሽ አምጪልኝ» ይላታል። ሥጋ ይዛ ትወጣለች። መጀመሪያ ከሩቅ ትጥልለታለች፣ በማግስቱ ትንሽ ቀረብ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቀረብ፤ በስተመጨረሻ ከእጇ ይበላል። ጢሙን ትነጫለች። አዋቂውም «አንበሳ ያላመድሽ ሰው ማላመድ ያቅትሻል?» ብሎ ይመልሳታል።

ይህን ተረት በትምህርት ቤት የትዕግሥት ትምህርት አድርገው ይነግሩናል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚቆረቁረኝ አለ። አንበሳው በሥጋ ይረካል፤ ሥጋ ካገኘ አይበላትም። የቤቱ ሰው ምን እንደሚያረካው አይታወቅም። አዋቂው ሴትየዋን ጫካ ላካት እንጂ ባልየውን ወይም ልጁን አንድ ነገር አላዘዘም። ሓቦባ ብትሰማው «እሱም ቤቱ ነዋ!» ትል ነበር።

ከሪያድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ መንሺያ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ የሚወርደው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የተነሣው ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ቡናማ ሆኖ የእኛን አፈር ተሸክሞ ይመጣል። በ2020 በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ፣ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሷል። ወንዙን እንዲህ የሚፈሩት ሰዎች ግን ልጃቸውን የሚያስባርኩትም እሱው ዘንድ ነው። በዓባይ ዳር ባሉ ብዙ የሱዳን መንደሮች አራስ አርባ ቀኗ ሲደርስ ወንዝ ትወርዳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፣ ሕፃኑን ታስነካለች፣ እህል ወይም ቴምር ውሃው ላይ ትጥላለች። ሙሽራም በዘፈን ታጅቦ ወንዝ ይወርዳል። ምግቡ ለማን ነው ቢባል በውሃው ውስጥ ለሚኖሩት ነው፤ አንዳንዱ መላእክት ይላቸዋል፣ አንዳንዱ የወንዝ ሰዎች። ሼሁ «ይህ ከሃይማኖታችን አይደለም» ይላሉ። ሴቶቹም አዎን ብለው ይወርዳሉ።

ኑብያዎች ዘንድ ይህ ነገር ጠንካራ ነበር። የአስዋን ግድብ ሲሠራ፣ በ1964፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የዋዲ ሐልፋ ኑብያዎች ከዓባይ ዳር ተነቅለው በባቡር ኸሽም አል-ጊርባ ተወሰዱ። የሰፈራው ኃላፊ የነበሩት ሐሰን ደፍአላ ስንብቱን በመጽሐፍ አስፍረውታል፤ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ሰዉ ወደ መቃብር ሄዶ ሙታኑን ተሰናብቷል። ሙታኑስ ይሁን፤ የወንዝ ሰዎችን ማን ተሰናበተ? ኸሽም አል-ጊርባ ያለው ወንዝ አትባራ ነው፤ ከሰሜን ኢትዮጵያ ተከዜን ይዞ የሚመጣ። በጋ ሲሆን ይሳሳና ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀረዋል። ዓመቱን ሙሉ ከሚሞላ ወንዝ ጋር ውል የነበራት ሴት በጋ ለሚደርቅ ወንዝ ምን ትጥላለች? በሰፈራ ዕቅዱ ውስጥ ቤት፣ መስኖና ትምህርት ቤት ነበረ። ይህ ጥያቄ የአንድም መሐንዲስ አልነበረም።

የሱዳን ሴት ከዛፍ ጋር ያላት ውል ደግሞ በቆዳዋ ላይ ይታያል። በሪያድ ቪላዎች ግቢ ጥግ፣ አንዳንዴም መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ትንሽ ጉድጓድ ነበረች። ጠልሕ የሚባለው የግራር ዘርና ሻፍ የሚባል ሌላ እንጨት ይጨስባት ነበር። ያገባች ሴት ወይም ልታገባ የቀረበች ሙሽራ ገላዋን ቅባት ተቀብታ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ መሐሉ ክፍት በሆነ ሰሌን ላይ ትቀመጣለች። ጢሱ ከሥር ይወጣል፣ ላቡ ይወርዳል። ስትነሣ ቆዳዋ ቢጫ፣ ሽታዋ ጢስና ሽቱ የተቀላቀለበት ነው። ሙሽራዋ ለሳምንታት ስትደጋግመው የላይኛው ቆዳ ይላጥና አዲሱ ይወጣል። ዱኻን ይሉታል። ሻፍ በሳይንሳዊ ስሙ ተርሚናሊያ ብራውኒ ነው፤ እኛ ወይባ የምንለው። ትግራይና ወሎ ያደገች ሴት ዱኻንን የሚያስረዳት አያስፈልጋትም፤ የወይባ ጢስ እናቷ ከወለደች በኋላ ስትሞቀው አይታለች። አዲስ አበባ ውስጥም ዛሬ የወይባ ጢስ በውበት ሳሎን በር ላይ ተጽፎ ይሸጣል። ሪያድ ውስጥ ሐበሺያዋ ሠራተኛና እመቤቷ በጎ ነገር የሚነጋገሩበት አንዱ ሰዓት እንጨት የሚመረጥበት ነበር ማለት ይቻላል። የቀረው ሰዓት የት ዋልሽ፣ ለምን ዘገየሽ ነው፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ቤት የሚያስፈራው በተረት ብቻ አይደለም፤ በሰው ቤት ተቀጥራ የኖረች ታውቀዋለች።

ዛርን ሳላነሣ ባልፍ ሱዳንም ኢትዮጵያም ይታዘቡኛል። በእኛ አገር ከሚነገሩት አመጣጦች በአንዱ፣ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ ዓይን እንዳይገባባቸው ብላ ቆንጆዎቹን አሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው። «የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ» ተባለ። እነሱም በወንዝ፣ በዋርካና በገደል የማይታዩ ሆነው ቀሩ። እናት ለልጇ ሰስታ ዱሩን በልጆቿ ሞላችው። ይህ እምነት በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሱዳን ወረደ ይባላል፤ እዚያም ሰፊ ቤት አገኘ። ጃኒስ ቦዲ የምትባለው አንትሮፖሎጂስት ከካርቱም በስተሰሜን በዓባይ ዳር ባለ መንደር ኖራ በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምታሳየው፣ የሱዳን ዛሮች በየአገራቸው ይመደባሉ፤ የሐበሻ ዛሮችም የራሳቸው ተርታ አላቸው። ከነሱ ታዋቂዋ ሉሊያ ናት፤ መጌጥ የምትወድ፣ ለማንም የማትገዛ ሐበሺያ። ዛር የወጣባት ሱዳናዊት ሉሊያ ስትሆን የፈለገችውን ትጠይቃለች፤ ባልም ይገዛል። በ1990ዎቹ የአል-በሺር መንግሥት ዛርን ሲከለክል ሴቶቹ ከበሮውን ድምፁ ወደማይሰማበት ጓዳ አስገቡት እንጂ አልተዉትም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሪያድ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ የተኩስ ሠፈር ሆነ። በግንቦት በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሺር የጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ብሔራዊ ሙዚየሙም ተዘረፈ። የሱዳን ሠራዊት በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ሲይዝ የተገኘው ባዶ ቤት ነበር። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና ሻይ ሻጮች ብዙዎቹ በጋላባት በኩል መተማ ገቡ። ከኋላቸው ሱዳናውያን መጡ፤ በአማራ ክልል ኩመር፣ ቀጥሎም አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። አንዳንድ ሓቦባዎችም እዚያ ድንኳን ውስጥ ገቡ።

ስለ ዱሩ ካልሁት ጋር የማይገጥም ነገር እዚህ አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልችልም። የመጠለያ ሴት ማገዶ ፍለጋ ትወጣለች። በኩመርና በአውላላ ስደተኞች በታጣቂዎች መዘረፍና መደብደብ ደርሶባቸዋል፤ በግንቦት 2024 ከአውላላ ብዙዎች በእግራቸው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፍረው ነበር። ዳርፉር ውስጥ ነገሩ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2005 ባወጣው ሪፖርት ከተደፈሩት ሴቶች ብዙዎቹ የተጠቁት ማገዶና ውሃ ፍለጋ ከመጠለያ ሲወጡ እንደ ነበር አስፍሯል። ቤተሰብ «ወንድ ከሄደ ይገደላል፤ ሴት ትሂድ» ብሎ ይወስናል። የዱሩ ጉል አሁን ጠመንጃ ይዟል። ከቤት ሸሽቶ ወደ ዱር መሄድ ፋጢማን አድኗታል፤ እነዚህኞቹ ግን ከቤት የወጡት ቤት ስለ ተቃጠለ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት ወታደሮች በዳርፉር ለአንድ ሰሞን የማገዶ አጀብ የሚባል ሥራ ነበራቸው፤ ሴቶቹ ሲለቅሙ በመኪና ቆመው ይጠብቃሉ። የእርዳታ ድርጅቶች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አደሉ። ሴቶቹ ግን ከወታደሩም ከምድጃውም በፊት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ፣ ተጠራርተው፣ በቡድን መውጣት። ሓቦባ ስትተርክ የፋጢማን ጓደኞች ትዘላቸው የነበረች አይመስለኝም። ፋጢማ ብቻዋን አልወጣችም።